ሙዚቃው አልተሰረቀም፣ ተጥሎ ነው የተገኘው

አንድ የአዲስ አበባ ወጣት ማታ ስልኩን ሲነካካ አንድ ቪዲዮ ላይ ይደርሳል። ጠባብ ስቱዲዮ ነው። ሙዚቀኞቹ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተዋል፣ ዘፋኝ የለም። ድራሙ ይጀምራል፣ ቤዙ ይከተላል፣ ኦርጋኑ ከሥር ያጉረመርማል። ባሪቶን ሳክስፎኑና ትራምፔቱ አንድ ላይ ሲገቡ ወጣቱ ቀና ብሎ ይቀመጣል። ይህን ድምፅ የት ነው የሚያውቀው? ከአባቱ የድሮ ካሴት ነዋ! ባንዱ ግን ቡዶስ ባንድ ነው፣ የኒውዮርኩ ስታተን አይላንድ ልጆች።

ወጣቱ ሊንኩን ለጓደኞቹ ይልካል። ወዲያው የተለመደው ፍርድ ይመጣል፦ «ፈረንጅ ሙዚቃችንን ሰረቀ!»

ይህ ፍርድ ለተናጋሪው ይመቸዋል፣ ምክንያቱም ከተጠያቂነት ነፃ ያወጣዋል። ግን ስህተት ነው። ሌባ የወሰደውን ይደብቃል። ቡዶሶች ግን «አፍሮ ሶል» የሚሉት ድምፃቸው ከኢትዮጵያ ሙዚቃ ጭምር እንደመጣ ራሳቸው ተናግረዋል። ቅኝቱም የትም አልሄደም፣ ዛሬም እዚሁ አለ። ከአዲስ አበባ የጠፋው ሌላ ነገር ነው፦ አብሮ መጫወት።

የባንዱ አሳታሚ ለዓመታት ዳፕቶን ነበር። ስቱዲዮው ብሩክሊን ውስጥ ቡሽዊክ በሚባል ሰፈር ያለ ተራ ቤት ነበር። የቤቱ ሕግ ቀላል ነው፦ ሙዚቀኞች ይሰበሰባሉ፣ አብረው ይጫወታሉ፣ ቴፑ ይቀርጻል። ዓለም ወደ ኮምፒዩተር ሲሮጥ እነዚህ አሮጌ የቴፕ መቅረጫቸውን አልጣሉም። ውጤቱስ? ኤሚ ዋይንሃውስ በ2006 (እ.ኤ.አ.) «ባክ ቱ ብላክ» የተባለውን አልበሟን ስትሠራ ያን ድምፅ ፍለጋ የመጣችው ወደ ዳፕቶን ሙዚቀኞች ነው።

ይህ አሠራር ለአዲስ አበባ እንግዳ አልነበረም። አምሃ እሸቴ ከ1969 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያሳተማቸው ሸክላዎች በዚሁ መንገድ የተሠሩ ናቸው። ዋልያስ ባንድ በ1977 (እ.ኤ.አ.) «ጨ በለው»ን ሲያወጣ ከጀርባው የሒልተን መድረክ ነበር፣ ሌሊት ሌሊት አብሮ በመጫወት የተገኘ መግባባት። የባንዱ ኦርጋን ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ በኋላ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዳ ዓመታት አለፉ። አሮጌ ሥራውን በ2013 (እ.ኤ.አ.) እንደገና አሳትሞ ለዓለም ያደረሰው አሜሪካዊ አሳታሚ ነው። ታዲያ ማን ጣለ፣ ማን አነሳ?

ደርግን መውቀስ ይቻላል፣ ተገቢም ነው። ሰዓት እላፊው የሌሊቱን መድረክ ዘግቷል፣ ሙዚቀኛውንም ለስደት ዳርጓል። ግን ሰዓት እላፊው ከተነሳ 30 ዓመት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ የባንዱን ወንበሮች አንድ በአንድ የወሰደው ኪቦርድ ነው። ዛሬ አብዛኛው አልበም የሚሠራው አንድ አቀናባሪ ብቻውን ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ነው። ድራሙ ፕሮግራም ነው፣ ቤዙም እንደዚያው። ሳክስፎኒስቱ ለአንዲት መግቢያ ይጠራል፣ ነፍቶ ይሄዳል። ድምፃዊው ሌላ ቀን መጥቶ ከማዳመጫ ጋር ይዘፍናል። «ላይቭ» ተብሎ ትኬት በተሸጠበት መድረክ እንኳ ፕሌይባክ የሚለቀቅበት ጊዜ አለ።

«ባንድ ውድ ነው» የሚል መልስ አለ። እውነት ነው፣ ብዙ ሰው መክፈል ከአንድ ሰው መክፈል ይበልጣል። ነገር ግን ለዐውድ ዓመት ዝግጅት መብራትና ጌጥ ገንዘብ የሚያፈሰው ጣቢያና ስፖንሰር አንድ ክፍል፣ ጥቂት ማይክሮፎንና ሁለት ካሜራ አቃተው ማለት አያሳምንም። ያ ወጣት ያየው ቪዲዮ ከዚህ የበለጠ ምንም አልነበረውም።

በየምሽቱ በክበብና በሆቴል አብረው የሚጫወቱ ጎበዝ ልጆች ዛሬም አሉ። ጨዋታቸው ግን ሳይቀረጽ ከሌሊቱ ጋር ይተናል። የነገው ልጅ የእነሱን ድምፅ የሚያገኘው ከየት ነው? ዛሬ ካልተቀረጸ እሱም እንደ ዛሬው ወጣት የሰው አገር ቪዲዮ ከፍቶ «ይህ የእኛ ነው» ሊል ነው። ያኔ ግን ማስረጃ የሚሆነው የአባት ካሴት እንኳ አይኖርም።