ለመንገደኛ ቤተሰብ፦ የድሬዳዋና የሐረር ገበያና ማዕድ



የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲደርስ ወይም የዘመድ ኒካህ ሲጠራን ቤተሰብ ይዘን ወደ ምሥራቅ የምንጓዝ ብዙዎች ነን። ከጉዞው ዋዜማ ምሽት ታዲያ በየቤቱ የሚሆነው አንድ ዓይነት ነው። ዳቦ ይደፋል፣ ቆሎ ይቆላል፣ እንቁላል ይቀቀላል፣ ፔርሙሱ በሻይ ይሞላል። እናት ለምን ይህን ያህል እንደምትደክም ብትጠየቅ መልሷ አጭር ነው፤ «የመንገድ ምግብ አይታመንም» ትላለች። ስንቁን አንነቅፍም፤ ሕፃን ልጅ ይዞ ያለ ስንቅ መውጣት አይመከርም። የሚያሳዝነን ግን ስንቁ ሦስት ቀን ሙሉ በሆቴል ክፍል ሲበላ ሰንብቶ፣ ልጆቹ ድሬዳዋንና ሐረርን በመኪና መስኮት ብቻ አይተዋቸው ሲመለሱ ነው።

ወደ ገበያው ከመግባታችን በፊት ከአንዳንድ አባቶች የምንሰማውን ነገር እናንሳ። «ጨዋ ሰው ገበያ መሐል አይበላም፤ ሴትማ ጭራሽ» ይላሉ። አባባሉ መሠረት የሌለው አይደለም። የፊቅህ ሊቃውንት ስለ ምስክርነት ሲጽፉ የሰውን ሙሩአ፣ ማለትም ጨዋነቱንና ክብሩን፣ ከሚነኩ ነገሮች መካከል በገበያ ውስጥ መብላትን የጠቀሱበት ቦታ አለ። ይሁን እንጂ ሙሩአ ከየአገሩ ልማድ ጋር የሚሄድ መሆኑንም አስፍረዋል፤ በአንዱ ከተማ ነውር የሆነ ነገር በሌላው የዕለት ተዕለት ኑሮ ነውና። ድሬዳዋ ውስጥ ከሱብሂ ሶላት መልስ የተከበሩ ሽማግሌዎች በበረንዳ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ፈጢራ ሲቆርሱ ማየት ማንንም አያስደንቅም። እኛም የምንለው እየተራመዱ ማኘክን አይደለም፤ እጅን ታጥቦ፣ ቁጭ ብሎ፣ ቢስሚላህ ብሎ መብላትን ነው። ለእህቶቻችንም ቢሆን መጋረጃ የተጋረደለት ወይም ወደ ጓዳ ጠጋ ያለ ቦታ ያላቸው ምግብ ቤቶች አሉ። በሩ ላይ ቆሞ ከመመለስ ጠይቆ መግባት ይሻላል።

ሁለተኛው ጭንቀት የሥጋው ጉዳይ ነው። ሐረርና ድሬዳዋ ከደረሱ በኋላ ይህ ብዙ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው መንገዱ ነው፤ በመተሐራ፣ በአዋሽ፣ ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል በነበረችው በጭሮ። አንዳንዱ ቤት «የሙስሊም ምግብ ቤት» ብሎ ጽፎ ወይም ጨረቃ ሥሎ ይጠብቀናል። ጽሑፍ ከሌለ ግን አስተናጋጇን እንደ መርማሪ ማፋጠጥ ተገቢ አይደለም። «እህቴ፣ እርዱ የማን ነው?» ማለት ይበቃል። አገራችን ሥጋን ለይቶ መብላት የኖረበት አገር ስለሆነ ጥያቄው ማንንም አያስቀይምም፤ ክርስቲያኑ መንገደኛ ጅጅጋ ሲደርስ ይህንኑ ይጠይቃል። ረቡዕና ዓርብ የሚጓዝ ሰው ደግሞ በየቤቱ የጾም በያይነቱ ያገኛል፤ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን ከነትኩስ እንጀራው። ከሁሉም የሚቀለው ግን መስጊዱን መፈለግ ነው። በመስጊድ አካባቢ ለዉዱእ ውኃ ይገኛል፣ ዙህርንና ዐስርን አጣምሮ ለመስገድ ይመቻል፣ ከአጥሩ ማዶም አንድ ሁለት የሙስሊም ምግብ ቤት አይታጣም።

ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው እ.ኤ.አ. በ1902 ከሥሩ በረሃ ላይ ቆመ፤ ከተማዋም በዚያው ተቆረቆረች። ስለዚህ ማዕዷም የጣቢያ ማዕድ ነው ብንል አልተሳሳትንም። የመን፣ ሱማሌ፣ ኦሮሞ፣ ሐረሪና አማራ የሚበላውን ሁሉ አንድ መንገድ ላይ ያገኙታል። ጠዋት ፉልና ፈጢራ ነው። የፈጢራ ጋጋሪውን ሥራ ልጆች ቆመው ቢያዩት ከማንኛውም መዝናኛ ይበልጥባቸዋል፤ ሊጡን እንደ ስስ ጨርቅ እስኪሆን ይወጥረዋል፣ እንቁላሉን አፍስሶ ከአራት ያጥፈዋል፣ ዘይት በተቀባ ብረት ምጣድ ላይ ያገላብጠዋል። ማር የሚወድ በማር ይበላዋል። በሱማሌዎቹ ቤት ምሳ ሩዝ በፍየል ሥጋ ሲቀርብ ከጎኑ ሙዝ ይመጣል፤ ሙዙን ለኋላ የሚያስቀምጥ እንግዳ መሆኑ ይታወቅበታል፣ እዚያው ከሩዙ ጋር እየተቆረሰ ነውና የሚበላው። ከዐስር በኋላ ደግሞ ሳምቡሳና ባጅያ ከዘይት ሲወጣ ሽታው መንገዱን ይሞላዋል። ጣፋጭ የሚወዱ ልጆች ሙሸበክ ይጠይቁ።

ቀፊራ የሚባለውን ገበያ ሳያዩ መመለስ አይገባም፤ ከገጠሩ ኦሮሞው፣ ሱማሌውና አፋሩ ያለውን ይዞ የሚገናኝበት ነው። ሰዓቱን ግን ልብ ይሏል። ድሬዳዋ በቀትር ትተኛለች፤ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰውም ሙቀቱን ሸሽቶ ቤቱ ይገባል። ስለዚህ ገበያ በጠዋት ነው፤ አለበለዚያ ከዐስር ወዲያ።

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ነው። በመንገዱ ላይ አወዳይ አለች፤ የጫት ገበያዋ ቀንና ሌሊት አይለይም። ስለ ጫት በዚህ ገጽ አንከራከርም፤ ልጆች ከመኪና ባይወርዱ ግን እንመርጣለን።

ሐረር ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ በውስጧ 82 መስጊዶች እንዳሉ ተጽፏል። ስለ ግንቡና ስለ መስጊዶቹ ብዙ ስለተባለ እኛ ወደ ገበያው እንለፍ። ከፈረስ መገላ ተነስተው የልብስ ሰፊዎቹ መኪና በሚንጫጫበት፣ ስሙም መኪና ግርግር በሆነው ጠባብ መንገድ ቁልቁል ሲወርዱ ጊድር መገላ ይደርሳሉ፤ በሐረሪ ቋንቋ ትልቁ ገበያ ማለት ነው። ሥጋ የሚሸጠው እዚያ ነው። እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ አለን፤ ከሰማይ ጭልፊቶች ያንዣብባሉ፣ ሥጋ በእጁ ያንጠለጠለ ሰው ሲያዩም ተወርውረው ይነጥቁታል። ክዳን ያለው ዘንቢል መያዝ ነው፤ ነጠቃውን ማየት ለልጆች ግን ትልቅ ደስታ ነው።

አትክልትና ፍራፍሬ ከበሮቹ ዘንድ ነው፤ በሸዋ በርና በኤረር በር። ከአካባቢው መንደሮች ገና ሳይነጋ አህያቸውን እየነዱ ወይም በጀርባቸው አዝለው የመጡ የኦሮሞ እናቶች ቲማቲሙን በመደብ በመደብ ደርድረው ይቀመጣሉ። ማንጎ፣ ጊሽጣ፣ ዘይቱን እንደ ወቅቱ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ ከሁሉ በላይ ልንናገረው የፈለግነው ጉዳይም እዚሁ ነው። አንዳንዶቻችን ትልቅ ሆቴል ገብተን የሚመጣልንን ሒሳብ አንዴ እንኳ ሳናነበው እንከፍላለን፤ ወጥተን ግን ከአምስት መደብ ቲማቲም ሌላ ሀብት ከሌላት እናት ጋር ስለ ጥቂት ብር ሩብ ሰዓት እንሟገታለን። ስናሸንፍም «ቀነሰችልን» እያልን ለልጆቻችን እናወራለን። ልጁ የሚማረው ምንድን ነው? ዋጋ መጠየቅ ያለ ነው፣ ክርክርም የገበያ ወግ ነው። ነገር ግን አንድ ጊዜ ተናግሮ መስማማት፣ ቢበዛ «ምራቂ ጨምሪልኝ» ብሎ ስቆ መቀበል ይበቃል። የዚያች እናት ልጅም የትምህርት ቤት ደብተር ይፈልጋል። እኛ በስንቃችን ታጥረን ከተቀመጥን ደግሞ ይህቺም አታገኝም።

የሐረሪዎች የቤት ምግብ ግን በመንገድ ላይ እንደ ልብ አይገኝም። ሁልበት መረቅ፣ ማለትም አብሽ ተመትቶ ከሥጋ መረቅ ጋር የሚቀርበው፣ ጊዜና እጅ የሚጠይቅ የጓዳ ሥራ ነው። ጌ ጋር በሚባሉት የጥንት ቤቶች እንግዳ የሚያሳድሩ ቤተሰቦች ስላሉ፣ ከአንድ ቀን በፊት በአክብሮት ቢነገር ነደባው ላይ ተቀምጦ የመብላት ዕድል ይገኛል። ወጪውን አስቀድሞ መነጋገር ለሁለቱም ወገን ክብር ነው።

አሁን ወደ ጤናው እንምጣ፤ የእናቶቻችን ፍርሃት እውነትነት አለውና። እሳት ያልነካው ሁሉ ይጠረጠር። ፊት ለፊት ተጠብሶ ትኩሱን የሚነሳ ሳምቡሳ፣ ጠዋት ተከትፎ ከዋለ ሰላጣ የተሻለ አመኔታ አለው። ፍራፍሬን ራስ ልጦ መብላት፣ ውኃን የታሸገ ወይም የፈላ መጠጣት ነው። ሰው የሚበዛበት ቤት ምግቡ አያድርም። የግመል ወተት ጉዳይ ግን ጠንከር ብሎ መነገር አለበት። በጢስ በታጠነ ዕቃ ሲቀርብ መዓዛው ደስ ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሳይፈላ ነው የሚጠጣው። ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስ የተባለውን፣ እየተመላለሰ የሚያተኩስና መገጣጠሚያ የሚያሳምም በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። ጢሱ ሽታ ይሰጣል እንጂ እሳትን አይተካም። በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ሳይፈላ አይሰጥ። የባቢሌ ኦቾሎኒ የሚገዛም ሰው እያንዳንዱን ይመልከት፤ የሻገተው፣ የጠቆረው፣ የተጨማደደው ይጣል። ሻጋታው የሚተወው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ ቢቆላም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

በረመዳን የሚደርስ መንገደኛ ከዐስር በኋላ መንገዱ ሁሉ በሳምቡሳና በሾርባ ተሞልቶ ያገኘዋል። ሰዓቱ የጥድፊያ ነው፤ ቀድሞ መግዛት ይሻላል።

ለቤት የሚወሰድ ነገር ከተጠየቅን ሐላዋ ማለታችን አይቀርም፤ ከሐላዋ ይልቅ ግን ቁጢን እንመርጣለን። የሐረርጌ ሰው ምርጡን ቡና ለገበያ እያወጣ ራሱ ቅጠሉንና ገለባውን ሲጠጣ ኖሯል፤ ገለባው ሐሸር፣ ቅጠሉ ቁጢ ይባላል። ቤት ሲደርሱ ደረቁን ቅጠል ምጣድ ላይ ጥቂት አመስ አመስ ያድርጉት፣ በእጅ ያድቅቁት፣ ውኃው ቀላ እስኪል ያፍሉት። ወተት ይጨመርበታል። በጨው ነው ወይስ በስኳር የሚለውን ለየቤታችሁ ትተናል።