የቤት ጉዳይ፦ ማሞቂያው ስለ ምን ደጋግሞ ተቃጠለ?

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በሙቅ ውሃ ምክንያት ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በፍል ውሃ አጠገብ ቤት ማሠራታቸውን የማያውቅ የለምና። ዳሩ ግን እኛ የምንኖረው ከፍል ውሃ ርቀን፥ በከተማይቱ ምዕራብ በኮልፌ ቀራንዮ ዳገት ላይ ስለ ሆነ፥ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ የሙቀት ነገር ያሳስበናል። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። በአውሮፓ ሙቅ ውሃ በቧንቧ እየዞረ ክፍሉን ሁሉ ያሞቃል፤ እንኳንስ ቤቱ፥ ከመኪና ኋላ የሚጎተተው የመንገደኛ ማደሪያም በዚሁ ዘዴ የሚሞቅበት አለ። የኛ ሙቀት ግን በመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ በተሰቀለች አንዲት የ80 ሊትር በርሜል፥ በተለምዶ «ቦይለር» በምንላት፥ ተሰብስቦ ይገኛል። ይሁን እንጂ የሁለቱም ሕመም አንድ ነው፤ ውሃ መኖር በሚገባው ስፍራ አየር ሲገባ ሥራው ሁሉ ይበላሻል። ይህን የተማርነው በገንዘባችን ነው፤ ከገንዘብ የሚበልጥ ነገር ልናጣም ጥቂት ቀርቶን ነበር።

በ2016 ዓ.ም. በኅዳር ወር ልጃችን የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ለመታረስ ወደ እኛ መጥታ ነበር። በቤት ውስጥ አራስ ሲኖር ሙቅ ውሃ የምቾት ነገር መሆኑ ይቀርና እንደ እህል የግድ ይሆናል። በዚያው ሳምንት ቦይለሩ ማሞቁን ተወ። አንድ ሠራተኛ ጠራን፤ ከፍቶ ካየ በኋላ በውስጡ እየጋለ ውሃውን የሚያሞቀው ብረት፥ ማለት ኤለመንቱ፥ መቃጠሉን ነግሮን በአዲስ ለወጠው። ከ9 ቀን በኋላ ውሃው ዳግመኛ ቀዘቀዘ። ሌላ ሠራተኛ መጣ፤ እርሱም «የፊተኛው ዕቃ ደካማ ነው» ብሎ ዋጋው ከፍ ያለውን ገጠመልን። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ያም ተቃጠለ። እኛም የዘመኑን ዕቃ እያማን ተቀመጥን።

በመካከሉ የሆነውን ሳንናገር ብናልፍ ለአንባብያን ታማኞች አንሆንም። ቦይለሩ ስለ ተበላሸ ውሃው በከሰል ይሞቅ ጀመር። አንድ ምሽት ብርዱ በበረታ ጊዜ የቤታችን እመቤት ከሰሉን በደጅ አቀጣጥለው፥ ጢሱ አልቆ ፍሙ ከቀላ በኋላ፥ ማንደጃውን ወደ አራሷ ክፍል አስገቡት። ነፋስ እንዳይገባባት መስኮቱ ተዘግቶ፥ የበሩም ሥር በጨርቅ ተደፍኖ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል እንደ ቆየ ልጃችን ራሷን እንዳመማትና እንዳቅለሸለሻት ተናገረች። «ምች ነው» ተባለና ዳማከሴ ለመቀንጠስ ወደ ጓሮ ተሮጠ። እኛ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠን ስናጽናናት የራሳችንም ራስ እንደ ድንጋይ ከበደን። ምች ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ እንዴት ይመታል? ዓይናችን ወደ ማንደጃው የዞረው ያን ጊዜ ነው። ማንደጃውን አወጣን፤ በርና መስኮቱን ከፈትን፤ እናትና ሕፃንን ደግፈን ወደ ደጅ ካወጣን በኋላ በሌሊት ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። በዚያም ኦክስጅን ተሰጥቷቸው በደኅና ተመለሱ።

ከሰል ጢሱ ካለቀ ጉዳት የለውም የሚለው አሳብ በብዙ ቤት አለ፤ በኛም ቤት ነበረ። ነገር ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ከቀላው ፍም ይወጣል፤ ቀለምም ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ከደም ጋራ የሚጣበቅበትም ኃይል ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ሰው ሳያንቀው፥ ሳያስለውም፥ እንቅልፍ የወሰደው መስሎ ይሞታል። ሰው በሚተኛበት ዝግ ክፍል ፍም አይገባም፤ ቡና የተፈላበት ማንደጃ ቢሆንም እንኳ።

ወደ ቦይለሩ እንመለስ። ሦስተኛው ባለሙያ በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። በርሜሉን ከመክፈታቸው በፊት በግቢው ዞረው ውሃው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ጠየቁ፤ እኛም መልሱን አናውቅም ነበር። ልብስ የሚያጥቡልን እናት ግን በዚያ ቆመው ኖሮ፦

«እኔስ ምን አውቃለሁ፥ ጌታዬ። ብቻ ውሃ በሚጠፋበት ጠዋት የታችኛው ቧንቧ ሁለትና ሦስት ባልዲ ለብ ያለ ውሃ ይሰጠኛል። እግዜር ይስጠው፥ እጄን አያቆረፍደኝም» አሉ።

ይህን ነገር ከዚህ ቀደም ነግረውን ነበር፤ ቧንቧውን ፀሐይ መትቶት ይሆናል ብለን ስቀን አልፈነዋል። ባለሙያው ግን አልሳቁም፤ «እንግዲህ የርስዎ ልብስ የሚታጠበው በቦይለሩ ውሃ ነው» አሏቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀዝቃዛው ውሃ ወደ ቦይለሩ የሚገባው ከሥር ሲሆን፥ በመግቢያው ላይ ሴፍቲ ቫልቭ የምትባል ትንሽ የነሐስ ዕቃ አለች። እርሷም ሁለት ሥራ አላት፤ ግፊት ሲበዛ ታስተነፍሳለች፥ የገባውም ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ትከለክላለች። በሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ፥ ከቆይታ በኋላ ሲለቀቅ ደለልና አሸዋ ይዞ ይመጣል። ከዚያ አሸዋ አንዲቱ ፍሬ በቫልቯ ውስጥ ተሰንቅራ መከልከሏን አስቀርታባታለች። መስመሩ በደረቀ ጊዜ ከቤተ ሰቡ አንዱ ውሃ መጥቶ እንደ ሆነ ለማየት የሙቁን ቧንቧ ይከፍታል፤ ይህ ሁላችንም የምናደርገው ነው። በዚያ በኩል አየር ይገባል፤ የበርሜሉም ውሃ በታችኛው የግቢ ቧንቧ ቁልቁል ይወርዳል። ማብሪያው እንደ በራ ነውና ኤለመንቱ በባዶ በርሜል ውስጥ ይግላል፤ ሙቀቱን የሚቈጣጠረው ቴርሞስታትም በአየር መካከል ስለሚሆን በቶሎ አይደርስለትም። ሁለቱ ሠራተኞች የተቃጠለውን በትክክል ለውጠዋል፤ ስለ ምን እንደ ተቃጠለ ግን አልጠየቁም፤ እኛም አላስጠየቅናቸውም።

ማንም በቤቱ ሊሞክረው የሚችል ፈተና አሳይተውናል። መጀመሪያ የቦይለሩን ኤሌክትሪክ ከብሬከሩ ማጥፋት ነው፤ ይህ ሳይሆን ምንም አይነካም። ቀጥሎ ከቆጣሪው አጠገብ ያለውን የውሃ መዝጊያ መዝጋት፥ ከዚያም የቤቱን የሙቅ ውሃ ቧንቧና ከሁሉ ዝቅ ብሎ ያለውን ቧንቧ መክፈት ነው። በቱቦው የቀረው ውሃ ወርዶ ካለቀ በኋላ የታችኛው ቧንቧ መፍሰሱን ካላቆመ፥ ይልቁንም ውሃው ለብ ካለ፥ ቫልቯ አትከለክልም ማለት ነው። የኛ ቧንቧ አራት ደቂቃ ሙሉ ሲፈስ ቆሞ ማየት ያሳፍር ነበር።

መድኃኒቱ አዲስ ቫልቭና ከእርሷ በፊት የተገጠመ ሌላ ማገጃ ሆነ፤ የሁለቱ ዋጋ ከአንዱ ኤለመንት ያነሰ ነበር። ደግሞ ውሃ መምጣቱን በቀዝቃዛው ቧንቧ ብቻ እንድናይ፥ ውሃ ሲጠፋ ቦይለሩን እንድናጠፋ፥ ሲመለስም የሙቁን ቧንቧ ከፍተን መንተፋተፉን ትቶ ሙሉ ሆኖ እስኪወርድ ድረስ እንዳናበራ አዘዙን።

ጥቂት ሰዎች ሴፍቲ ቫልቯ ስታንጠባጥብ ተበላሸች ብለው አፏን በጨርቅ ይወትፋሉ፤ ይህ እጅግ አደገኛ ነው። 80 ሊትር ውሃ ከ15 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ከ1 ሊትር በላይ ስለሚጨምር መውጫ ይፈልጋል። በሚሞቅበት ጊዜ ማንጠባጠቧ ጤንነቷ ነው፤ ቀዝቅዞ ሳለ ሳታቋርጥ ብታፈስ ግን ባለሙያ ይጠራ። ደግሞ በ1500 ዋት ኤለመንት ይህን ያህል ውሃ ማሞቅ 2 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ «አይሠራም» ብሎ መፍረድ አይገባም።

የልጃችን ልጅ በ80ኛው ቀን ክርስትና ስትነሣ በቤታችን በሞቀ ውሃ ታጥባ ሄደች። ልብስ የሚያጥቡልን እናት ግን የታችኛው ቧንቧ ከዚያ ወዲህ እጃቸውን እንደሚያቆረፍዳቸው ነግረውናልና፥ ጠዋት ጠዋት አንድ ባልዲ ሙቅ ውሃ ከመታጠቢያ ቤት ይቀዳላቸዋል።