ዋስ የሌለው ዘበኛ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከሳሪስ እስከ ጀሞ፣ የብዙ ነጋዴ የዱቤ መዝገብ፣ የዕቃ ቆጠራና የደመወዝ ሒሳብ ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቷል። ሌባውም ተከትሎ ገብቷል። ነጋዴው ጸረ ቫይረስ ቢፈልግ አይፈረድበትም። ችግሩ የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ መጫኑ ነው።

ዘበኛ ስንቀጥር ዋስ እንጠይቃለን። ጸረ ቫይረስ ግን ከዘበኛም ይበልጣል፤ የካዝናው ቁልፍ ሳይቀር በእጁ ነው። ዊንዶውስ «አሳታሚው አይታወቅም» ሲል፣ የሠራውን ሰው ማንነት አላረጋገጥኩም፣ ዋስ የለውም ማለቱ ነው።

የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2008 ባቀረበው ክስ፣ በሐሰተኛ የቫይረስ ማስጠንቀቂያ ደንግጠው «ዊንፊክሰር»ንና መሰሎቹን የገዙ ሰዎች ከአንድ ሚሊዮን እንደሚበልጡ ገልጿል። በ2017 ደግሞ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ፣ የአዶቢ ፍላሽ ማሻሻያ መስሎ በውጭ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የተላከ የስለላ ፕሮግራም አጋልጧል።

እርግጥ ፊርማ የሌለው ሁሉ ሌባ አይደለም፤ የምስክር ወረቀቱ ገንዘብ ያስወጣል። የፈረመም ሁሉ ንጹሕ አይደለም፤ በዚያው በ2017 ሲክሊነር የተባለው የኮምፒዩተር ማጽጃ ከነሕጋዊ ፊርማው ተበክሎ ተሰራጭቷል። ይሁን እንጂ የፈረመ ተጠያቂ አለው። ያልፈረመውን የት አግኝተን እንከሰዋለን?

ዊንዶውስ 10 እና 11 የራሳቸውን መከላከያ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይዘው ይመጣሉ። ሌላ የሚሻ ከአምራቹ ድረ ገጽ ያውርድ እንጂ ከማንም ፍላሽ አይቀበል። የሒሳቡንም ቅጂ ከኮምፒዩተሩ ለይቶ ያስቀምጥ፤ ዘበኛው ቢያንቀላፋ እንኳ መዝገቡ ይተርፋል።