ገበያው ፈርዶበታል አትበሉኝ

በአንድ የሙያ ባልደረባዬ ቤት ለራት ተጠርቼ ስኪዮፔቲኖ የተባለ ቀይ የወይን ጠጅ ይዤ ሄድሁ። ባለቤቱ ጠርሙሱን አገላብጦ ስሙን ለማንበብ ሞከረና ፈገግ ብሎ ወደ ጠረጴዛው ጥግ ገፋው። «ወይን ማለት ካበርኔ ነው፤ ቢበዛ ሜርሎ። ይህ ደኅና ቢሆን ኖሮ ዓለም ያውቀው ነበር። ገበያው ፈርዶበታል» አለ። ማዕዱን አክብሬ ዝም አልሁ። ዝምታዬ ግን ሲቆረቁረኝ ሰንብቷልና መልሴን እነሆ በጽሑፍ እሰጣለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስኪዮፔቲኖ የፍሪዩሊ ተወላጅ ናት። ፍሪዩሊ ኢጣሊያ ከስሎቬንያ የምትዋሰንበት የሰሜን ምሥራቅ ጠርዝ ሲሆን፣ የወይኒቱ ጥንተ ቦታ ፕሬፖቶ የተባለው ቀበሌና የቻላ ሸለቆ ነው። ጠጇ ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ ይሸታል። ይህም የጠጪ ምናብ አይደለም፤ ለቁንዶ በርበሬ መዓዛውን የሚሰጠው ሮቱንዶን የተባለ ንጥረ ነገር በዚህች ወይን ፍሬ ውስጥም ይገኛል።

ታዲያ ለምን ልትጠፋ ደረሰች? በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ፊሎክሴራ የተባለች ጥቃቅን ነፍሳት የአውሮፓን ወይን ከሥሩ እየበላች አደረቀችው። የፍሪዩሊ ገበሬ እንደገና ሲተክል ከፈረንሳይ የመጣውን ሜርሎን አበዛ። እስከዚህ ድረስ ያለውን ምርጫ ነው እንበል። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ምርጫ ሳይሆን መዝገብ ነው። በየአውራጃው ሊተከሉ የተፈቀዱት የወይን ዘሮች በሕግ ሲዘረዘሩ ስኪዮፔቲኖ ከዝርዝሩ ውጭ ቀረች። የአያቱን ወይን በገዛ መሬቱ ላይ የሚተክል ሰው ሕግ ጣሽ ሆነ። እንዳትተከል የተከለከለችውን፣ ስለዚህም ለሽያጭ ያልቀረበችውን ወይን ገበያ በምን ዓይኑ አይቶ ፈረደባት?

በ1970 ፓኦሎና ዲና ራፑትሲ የተባሉ ባልና ሚስት ወደ ቻላ ገብተው፣ እዚህም እዚያም ተርፈው የነበሩትን ግንዶች ፈልገው ተከሉ፤ ሕጉ ገና ሳይፈቅድ ማለት ነው። በ1975 ግራፓ የተባለውን አረቄ የሚያወጡት የኖኒኖ ቤተሰብ የፍሪዩሊን ነባር ወይኖች ለሚያድኑ ገበሬዎች ሽልማት አቋቋሙ፤ በማግስቱ ዓመት ራፑትሲዎች ተሸለሙ። በ1978 የአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ስኪዮፔቲኖን፣ ፒኞሎንና ስሟ በአገሩ ቋንቋ «ምላስ ቆራጭ» ማለት የሆነውን ታጼለንጌን በኡዲኔ አውራጃ እንዲተከሉ ፈቀደ። ሕግ የዘጋውን በር የከፈተው የሰው እልህ እንጂ ገበያ አልነበረም።

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይሉ የለ! በፒየሞንቴም የሆነው ይኸው ነው። በ1964 ወደ ካስታኞሌ ሞንፌራቶ ደብር የመጡት ቄስ ጃኮሞ ካውዳ፣ በደብሩ የወይን ቦታ የተረፉትን የሩኬ ግንዶች አይተው አልናቁም፤ አበዙ፣ ጠመቁ፣ በጠርሙስ ሞሉ። ሩኬ በ1987 ሕጋዊ የትውልድ ስም አገኘች፤ በ2010 ደግሞ በኢጣሊያ ሕግ ከፍተኛ ወደሆነው ማዕረግ ወጣች። ቄሱ ገበያው እስኪፈርድ ቢጠብቁ ኖሮ ዛሬ የምንከራከርባት ሩኬ ባልኖረች።

ገበያው ጣዕም ዐዋቂ ዳኛ ነው የሚለኝ ሰው መጋቢት 1986ን ያስታውስ። ወይን ጠጅ በአልኮል መጠኑና በርካሽነቱ ብቻ በሚለካበት ንግድ፣ አንዳንድ ነጋዴዎች ኃይሉን ለመጨመር ሜታኖል ቀላቀሉበት። ሜታኖል በሰውነታችን ውስጥ ወደ ፎርሚክ አሲድ ተለውጦ የዓይንን ነርቭ ያቃጥላል፤ ይገድላልም። ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ዓይናቸው የጠፋም ነበሩ። ከተመረዙት ጠርሙሶች አንዳንዶቹ ባርቤራ የሚል ስም ስለነበራቸው፣ ምንም ያላጠፋችው የፒየሞንቴ ወይን ስሟ አብሮ ጠፋ። ያንን መርዝ ከመደርደሪያ ላይ አንስቶ የገዛው ይኸው ዳኛ የተባለው ገበያ ነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ ሊያግዙኝ ፈልገው «ቀይ ወይን ለልብ መድኃኒት ነው» ይላሉ። ይህን እርዳታ አልቀበልም። ሐኪም ነኝ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እንዳስታወቀው ለጤና ጉዳት የሌለው የአልኮል መጠን የለም። ጥቂት የሚጠጣ ሰው መድኃኒት ወሰድሁ ብሎ ራሱን አያታልል። እኔ የምሟገተው ለመጠጡ ብዛት ሳይሆን፣ ከተጠጣ አይቀር ምን እንደሆነ ዐውቆ ስለ መጠጣት ነው።

ነባር የሆነ ሁሉ መልካም ነው አላልሁም። ግሪኞሊኖ ቀለሙ ሳሳ ያለ፣ አፍ የሚያኮማትር ነው፤ የማይወደው ብዙ ነው። ኔቢዮሎም ቢሆን፣ ባሮሎን የሚያህል ጠጅ የሚወጣው ከእርሱ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ገና በወጣትነቱ የቀመሰውን ሰው ፊት ያስጨማድዳል። ነገር ግን ቀምሶ መጥላትና ሳይቀምሱ መፍረድ ለየቅል ናቸው።

ያች ጠርሙስ ሳትከፈት በባልደረባዬ ጠረጴዛ ጥግ ላይ ቀርታለች። ይህን ካነበበ ይክፈታት። ካልጣመችው «አልጣመችኝም» ይበል፤ ቅር አይለኝም፤ ያ ፍርድ ነው።