ፊደላችን ከሰማይ አልወረደም

ሐሳብ እንደ እርሾ ነው። አንዲት ባለቤት ቡሃቃዋ እርሾ ባጣ ጊዜ ከጎረቤት ትለምናለች፤ ዱቄቱን የምታቦካው፥ ምጣዱንም የምታስሰው ግን ራሷ ናት። እንጀራው ሲቀርብ «ይህ የጎረቤት ነው» የሚል እንግዳ የለም። እርሷም «እርሾ ለምኜ አላውቅም» ብላ ብትምል ሐሰተኛ ትባላለች እንጂ ባለሙያ አትባልም።

ይህን የምጽፈው፥ ፊደላችን ከማንም ያልተወሰደ ነው እያሉ ልጆችን የሚያስተምሩትን ለመቃወም ነው። እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ አንድ የውጭ አገር መምህር፥ የግእዝ ቍጥር ከግሪክ ፊደል የመጣ መሆኑን ከነገረን በኋላ «እንግዲህ የራሳችሁ ምን አላችሁ?» ብሎ ሳቀብን። ነገሩ ሆዴ ውስጥ ቀረ። መምህር በሆንሁ ጊዜ አንዲት ተማሪ «ፊደላችን ከየት መጣ?» ብላ ብትጠይቀኝ «ከማንም አልተማርንም፤ ቁጭ በዪ!» ብዬ አሳፈርኋት። ከዚያ ወዲያ በክፍሌ እጅዋን አላነሣችም።

እውነቱ ግን እንዲህ ነው። በሲና በረሓ በማዕድን ማውጫ አጠገብ የተገኘው ጥንታዊ ጽሕፈት ዕድሜው ከ3,500 ዓመት ይበልጣል። ጸሐፊዎቹ ሴማውያን፥ ከግብፅ ሥዕላዊ ጽሕፈት ጥቂት ምልክት ወስደው ለድምፅ አደረጉት፤ የበሬ ራስ «አልፍ» ሆነ። ይህ ሐሳብ ወደ ፊንቄ ሄደ፤ ግሪኮችም ከፊንቄ ተቀብለው ያልፈለጓቸውን ተነባቢዎች አናባቢ አደረጓቸው። ወደ ደቡብ የሄደውም ሳባ ደርሶ፥ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ እኛ መጣ። የሳባ ፊደል አናባቢ አልነበረውም። አባቶቻችን በ4ኛው መቶ ዓመት፥ በንጉሥ ኢዛና ዘመን፥ እግርና ቀለበት እየቀጠሉለት «በ»ን ቡ፥ ቢ፥ ባ አሰኙት። በኋላም ለአማርኛ ሲሉ ከ«ሰ» «ሸ»ን፥ ከ«ተ» «ቸ»ን፥ ከ«ነ» «ኘ»ን አወጡ።

ያ መምህር ስለ ብድራችን ሲነግረን አልዋሸም፤ የበደለን ስለ ሥራችን ዝም በማለቱ ነው። እኔ ደግሞ በሥራችን ልመካ ስል ብድራችንን ካድሁ። የሁለታችንም ስሕተት አንድ ነው፤ ይኸውም ከሌላ የተቀበለ ሁሉ የራሱ የለውም ማለታችን ነው። እንዲህ ከሆነማ ግሪክም ፊደል የለውም።

«ይህን ማስተማር ልጆቻችን አገራቸውን እንዲንቁ ያደርጋል» የሚሉ አሉ። በሐሰት የተደገፈ ኩራት ግን ልጁ አንድ መጽሐፍ ያነበበ ቀን ይወድቃል፤ ያን ቀን መምህሩንም ይንቃል። የባሰም ጉዳት አለ። አባቶቹ ከማንም አልተማሩም ተብሎ ያደገ ልጅ፥ ከሰው መማር ውርደት፥ የተቀበሉትን ማሻሻልም ድፍረት ይመስለዋል።

አንባቢ ሆይ፥ ልጅህ «ይህ ከየት መጣ?» ቢልህ እውነቱን ንገረው፤ ቀጥለህም «እኛስ ምን ጨመርንበት? አንተስ ምን ትጨምርበታለህ?» በለው። ያችን ተማሪ ዛሬ ባገኛት የምነግራት ይህንኑ ነው፤ አስቀድሜ ግን ይቅርታዋን እለምናለሁ።