አስቀድሞ የሚለጎመው ማን ነው?

ስለ አንድ የሥራ ዓይነት ልናጫውታችሁ ወደድን። ትምህርቱን የጨረሰ ልጅ ወደ አባቱና ወደ እናቱ ቀርቦ «የፈረስ ግልቢያ አስተማሪ ልሆን አስቤአለሁ» ቢላቸው ምን ይመልሱለታል? ብዙዎቹ ፊታቸውን ሳያጠቁሩ አይቀሩም። «ይህ ጨዋታ ነው እንጂ ሥራ ነውን? ይህን ሁሉ ዘመን ያስተማርንህ ለፈረስ ነውን?» ይሉታል። እኛ ግን ፍርድ ከመስጠታችን በፊት ነገሩን ከነክብሩና ከነኀላፊነቱ እንመርምረው እንላለን።

ሥራው በአገራችን አዲስ አይደለም። የንጉሡን ፈረሶችና በቅሎዎች የሚጠብቅ፥ የሚያስገራም ሹም ባልደራስ ይባል ነበር፤ በአዲስ አበባ በዚህ ስም የሚጠራ ሰፈር አለ። ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፥ ሲዳሞን ያስተዳደሩት ደጃዝማች ባልቻ ሳፎም አባ ነፍሶ ተብለው የተጠሩት በፈረሶቻቸው ስም ነው። ልብ በሉ፤ ጀግናው የተጠራው የፈረሱ አባት ተብሎ ነው። አባት ደግሞ አዛዥ ብቻ አይደለም፤ ተንከባካቢና ተጠያቂም ነው።

ይህም ልማድ ፈጽሞ አልጠፋም። በአዊ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየ ሲሆን፥ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፥ በሰማዕቱ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፥ ፈረሰኞቹ ፈረሶቻቸውን ሸልመው በእንጅባራ ይሰበሰባሉ። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ከአርበኛው ጋር የዘመቱትን ፈረሶችም ያስባሉ። በዚያ አገር ልጅ ግልቢያን የሚማረው ከአባቱና ከአጎቱ ነው። በከተማ የሚያድግ ልጅ ግን እንዲህ ያለ አባት ስለሌለው አስተማሪ ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ሐዋሳ እንመለስ። ከተማችን በ1952 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ዳር ተቈርቍራ አድጋለች። የፈረስ ጋሪ በመንገዶቿ ሰውና ዕቃ ሲያመላልስ ብዙ ዘመን ኖሯል፤ ዛሬ ግን የሰውን ማመላለስ በአብዛኛው ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ ወስዶታል። ፈረስን ከጋሪ አውጥቶ በሌላ ሥራ ማኖር ይቻል እንደ ሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻንም። በሻሸመኔ በኩል ወደ ባሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በዶዶላ፥ ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ተራራውንና ደኑን ሊያይ የመጣውን እንግዳ በፈረስ እየመሩ መተዳደሪያ ያገኙ የአገሬው ሰዎች አሉ። በወንጪ ሐይቅም የመንደሩ ወጣቶች ጎብኚዎችን በፈረስ ያወርዳሉ፥ ያወጣሉ።

ነገር ግን ፈረስ ማከራየትና ግልቢያ ማስተማር አንድ አይደሉም። አከራዩ እንግዳውን ካለበት ወስዶ ይመልሰዋል፤ አስተማሪው ግን እንግዳው ወደ ቤቱ ሲመለስ አዲስ ጠባይ ይዞ እንዲሄድ ያደርገዋል። ይህም እንዴት እንደ ሆነ እንግለጽ።

የመጀመሪያው ትምህርት በእግር የሚሰጥ ነው። የፈረስ ዐይኖች በራሱ ግራና ቀኝ ስለ ሆኑ ዙሪያውን በሰፊው ያያል፤ ዳሩ ግን በስተኋላው ያለውንና ከግንባሩ ሥር እጅግ የቀረበውን አያይም። ስለዚህ ከኋላው በድንገት የደረሰ ሰው ጠላት ይመስለዋል፤ ይራገጣልም። ተማሪው በትከሻው በኩል እየተናገረ መቅረብን፥ ጀርባውን መጥረግን፥ ሰኮናውን አንሥቶ ጠጠር ማውጣትን፥ ኮርቻ መጫንንና የኮርቻውን የሆድ ማሰሪያ መፈተሽን ይማራል። ፈረሱ ላይ የሚወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ከወጣም በኋላ ቢሆን ዛብ ወዲያው አይሰጠውም። አስተማሪው ረጅም ገመድ ይዞ ከመካከል ይቆማል፤ ፈረሱም ዙሪያውን በእርምጃ ይሄዳል፤ ተማሪው እጁን ነጻ አድርጎ መቀመጥን ብቻ ይለማመዳል። ምክንያቱ ይህ ነው። ጀማሪ ሲፈራ ዛቡን ይጎትታል፤ የዛቡ ጫፍ ደግሞ በፈረሱ አፍ ውስጥ ካለው ብረት ጋር የተያያዘ ነው። የሰውዬው ፍርሃት በእንስሳው አፍ ሕመም ይሆናል፤ እንስሳውም ሕመሙን ሽሽት ይሮጣል፤ ሰውዬውም ይበልጥ ይፈራና ይበልጥ ይጎትታል። ብዙ አደጋ የሚመጣው ከዚህ ነው። አስተማሪው ፍርሃቱን ከእጁ ላይ እስኪያወርድለት ድረስ ተማሪው ዛብ መያዝ አይገባውም።

እርካቡም የራሱ ትምህርት አለው። አባቶቻችን በባዶ እግራቸው ሲጋልቡ እርካቡን በአውራ ጣታቸው ይይዙ ነበር። ጫማ ያደረገ ተማሪ ግን የእግሩን ፊት ብቻ አስገብቶ ተረከዙን ዝቅ ያደርጋል፤ እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቢያስገባ በወደቀ ጊዜ ተይዞ ይጎተታልና። በራሱም ላይ ጠንካራ የራስ ቁር ይደፋል። ከእርምጃ ወደ ሶምሶማ የሚያልፈው ቀስ በቀስ ነው፤ ግልቢያ የሚባለው የትምህርቱ መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ አይደለም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስን፤ ይኸውም ገንዘብ ነው። ፈረስ ሊሸከም የሚገባው ከራሱ ክብደት ከአምስት አንዱን ያህል ነው ይላሉ ዐዋቂዎች። እንግዲህ 250 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ ኮርቻውን ጨምሮ 50 ኪሎ መሆኑ ነው። የአገራችን ፈረስ ብርቱ ቢሆንም አካሉ ትንሽ ነው። ስለዚህ 90 ኪሎ የሚመዝን ጌታ ብዙ ብር ይዞ ቢመጣ፥ አስተማሪው በትሕትና «ለእርስዎ የሚሆን ፈረስ የለኝም» ሊለው ይገባል። በታኅሣሥና በሐምሌ 19 ቀን ለቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል ወደ ሐዋሳ ሕዝብ ሲጎርፍ፥ ፈረስ ያለው ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ተሳፋሪ አያጣም፤ ፈረሱ ግን ጥላ፥ ውኃና ዕረፍት ይፈልጋል። በአንድ የበዓል ቀን የተገኘ ትርፍ ጀርባውን ገጣባ ካደረገው፥ ወሩን ሙሉ ሥራ የሚፈታው ፈረሱም አስተማሪውም ነው።

ሌላም አደጋ አለ። እንደ ሐዋሳ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ባላቸው ሞቃት ከተሞች፥ ይልቁንም በጋሪ ፈረሶች ላይ፥ ከቆዳ ሥር እያበጠ የሚፈነዳ ክፉ የቁስል በሽታ ይታያል። ከታመመው ወደ ጤነኛው በቁስል፥ በዝንብና በጋራ ዕቃ ይተላለፋል። ስለዚህ ብልህ አስተማሪ ለየፈረሱ የራሱን ኮርቻና ልጓም ይለያል፤ ቁስል ባየ ጊዜም በቤት መድኀኒት ሳይዘገይ ወደ እንስሳት ሐኪም ይሄዳል። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር መሆኑ ለከተማችን ትልቅ ዕድል ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን ይደከምለታል የሚል ቢኖር፥ ሊስ ሃርቴል የተባለችውን የዴንማርክ ሴት እናስታውሰው። በፖሊዮ በሽታ ከጉልበቷ በታች እግሮቿ ሽባ ሆነው ነበር። ወደ ፈረሱ ላይ ስትወጣም ስትወርድም ሰው ይደግፋት ነበር። እንዲህ ሆና በ1944 ዓ.ም. በሄልሲንኪ የኦሊምፒክ ውድድር በፈረስ አገራ ጥበብ የብር ሜዳይ አገኘች፤ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ በስቶክሆልም ይህንኑ ደገመችው። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች አካላቸው የደከመ ሕፃናት በፈረስ ላይ እየተቀመጡ ሰውነታቸውን እንዲያበረቱ ይደረጋል። በየቤታችን ከሰው ዐይን ተሸሽገው የሚኖሩ ስንት ሕፃናት አሉ! ገራም ፈረስና ታጋሽ አስተማሪ ቢያገኙ፥ ሐኪም እስከ ፈቀደ ድረስ፥ ከሌላው ልጅ ከፍ ብለው ዓለምን የሚያዩበት ሰዓት ይኖራቸዋል። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፤ እንዲህ ያለውን ልጅ ወዴት እንደሚያደርሰው ግን አስቀድሞ ማን ያውቃል?

ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በምዕራፍ 3 ብዙዎች አስተማሪ ለመሆን እንዳይቸኩሉ ያስጠነቅቃል፤ የአስተማሪ ፍርድ የባሰ ነውና። ጥቂትም ሳይርቅ ስለ አንደበት ሲናገር በፈረስ አፍ የሚገባውን ልጓም ምሳሌ ያደርጋል። አስተማሪና ልጓም በአንድ ምዕራፍ መገናኘታቸው ለዚህ ሥራ የተጻፈ ያስመስለዋል። የሚቈጣ፥ የሚጮኽ፥ አለንጋውን ከቃሉ የሚያስቀድም ሰው ፈረሱንም ተማሪውንም ያበላሻል። ጠቢቡ ሰሎሞንም ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ሕይወት እንደሚያስብ አስተምሮናል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ ይህን ሥራ ቢመርጥ አትናቁበት። ገቢው በየወሩ አንድ ልክ እንደማይሆን፥ ክረምት ሲገባ እንደሚቀንስ፥ ፈረሱ ግን በዝናብም በበጋም መኖ እንደሚፈልግ ንገሩት። በቅድሚያ ሥራውን በሚያውቅ ሰው እጅ ይሠልጥን፤ የፈረስ ሕመም ምልክቶችንም ይወቅ። ልጃችሁን ለሌላ አስተማሪ የምትሰጡ ከሆነም፥ ክፍያውን ከመጠየቃችሁ በፊት ኮርቻውን አስነሥታችሁ የፈረሱን ጀርባ ተመልከቱ። ጀርባው ንጹሕ ከሆነ፥ ፈረሱም ጌታው ሲቀርበው ጆሮውን ወደ ኋላ ሳያጥፍ በጸጥታ የሚቆም ከሆነ፥ ያ ሰው አስቀድሞ ራሱን የለጎመ ነውና ልጃችሁን አትሠሥቱበት።