«አትንካ!» የሚባልበት በዓል

በዓል መቃረቡን ከበግ ጩኸትና ከገበያ ግርግር አስቀድሞ የሚያስታውቀን አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም «አትንካ!» የሚለው ነው። ምንጣፍ ይራገፋል፤ አትንካ! ስኒ ከሣጥን ይወጣል፤ አትንካ! ቄጤማ ከበሩ ሥር ተቀምጧል፤ አትርገጥ! አራትና አምስት ዓመት ለሆነው ልጅ በዓል ማለት ከአንዱ ማዕዘን ወደ ሌላው እየተባረሩ መዋል ነው ቢባል ብዙ ከእውነት የራቀ አይሆንም። ቤቱ እንዲያ የሚታጠበውና የሚያጌጠው ለማን እንደ ሆነ ልጁ ቢጠየቅ፣ «ለእንግዳ» ብሎ እንደሚመልስ አልጠራጠርም።

ባለፈው የዕንቍጣጣሽ ዋዜማ ደብረ ብርሃን እኅቴ ዘንድ ነበርሁ። እኅቴና ባለቤቷ ሁለቱም የመንግሥት ሠራተኞች ሲሆኑ፣ ሁለት ሕፃናት ይዘው የሚኖሩት በአንድ ክፍል የኪራይ ቤት ነው። በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀ ወዲህ በዚያች ከተማ እንዲህ ተጣብቦ የሚኖር ወጣት ቤተ ሰብ ብዙ ነው። መኝታውም፣ ወጥ ቤቱም፣ እንግዳ መቀበያውም ያው አንዱ ክፍል ነው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ትልቁ ልጅ የውኃ ጠርሙስ አንሥቶ ክዳኑን ሲጠመዝዝ ደረስሁበት። በጠርሙሱ ውስጥ የነበረው ግን ውኃ አልነበረም፤ ለወለል ማጠቢያ ከሱቅ ተቀድቶ የመጣ በረኪና ነበር። ቀማሁት፤ አለቀሰ። እናቱም ከድስቱ ላይ ቀና ብላ «አትንካ አላልሁህም!» ስትል ተቆጣችው።

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ከጧት ጀምሮ ስለ ስኒውም፣ ስለ መጋረጃውም፣ ስለ አበባውም «አትንካ» ሲባል የዋለ ልጅ፣ ስኒው የሚሰበር፣ በረኪናው ግን አንጀት የሚያቃጥል መሆኑን በምን ይለያል? ቃሉን ለትንሹም ለትልቁም ስናባክነው ይደክማል። ስኒ ቢሰበር ሌላ ይገዛል። በረኪና ግን ከውኃ ጠርሙስ ወጥቶ ልጅ በማይደርስበት ከፍታ መቀመጥ ይገባዋል፤ ምናልባት ተጠጥቶ ቢገኝም ልጁን ለማስታወክ መታገል ጉዳቱን ያብሰዋልና በቀጥታ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው። ግድግዳ በኖራ የሚቀባም ሰው ዐይን የሚያጠፋ ነገር በባልዲ በጥብጦ ማስቀመጡን አይርሳ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ከሰሉ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ ገና በሚከበርበት በታኅሣሥ ወር ሌሊቱ ውርጭ ነው። እንግዳው ከተሸኘ፣ ቡናውም ካበቃ በኋላ ፍሙ እንዳለ ምድጃውን ወደ ልጆቹ መኝታ አስጠግቶ፣ በርና መስኮት ዘግቶ የሚተኛ ሰው ጥቂት አይደለም። ጭሱ ካለቀ ጉዳቱም ያለቀ ይመስለዋል። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አይታይም፣ አይሸትም፤ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኀይል ከደም ጋር ይጣበቃል። ሕፃን ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ስለ ሆነ ከዐዋቂው አስቀድሞ ይጎዳል። ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ ሲጀምርም «የበዓል ምግብ ከብዶት ነው» እየተባለ ይታለፋል። በ1957 ዓ.ም. የብርድ ልብስ ፋብሪካ በተተከለባት ከተማ ሰው ለሙቀት ብሎ በከሰል መታፈኑ የሚያሳዝን ነው። ምድጃው ወደ ውጭ ይውጣ፤ ብርድ ልብስ ይደረብ።

ዘይትና የፈላ ውኃ ያቃጠለው ልጅም ሊጥ፣ ቡና ወይም የጥርስ ሳሙና ሊቀባ አይገባውም። የተቃጠለውን አካል ለ20 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ማቆየትና ወደ ሐኪም ማድረስ ይበቃል። እዚህ ላይ በጉን ገዝቶ ከግቢ ካሰረ በኋላ የራሱን ድርሻ የጨረሰ ለሚመስለው አባት አንድ ቃል አለኝ፤ እናት ከእሳት ጋር ስትታገል ልጅ መጠበቅም የበዓል ሥራ ነው። (የእኅቴ ባለቤት ይህን ሲያነብ ምን እንደሚል ዐውቃለሁ።)

ለመስቀል ወደ አንኮበር ወደ አክስታችን ወረድሁ። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ የቤት አያያዙ ግን የሌላ አገር መሰለኝ። አክስቴ ወለሉን በእበት ለቅልቃ፣ ሲደርቅ ቄጤማውን ለልጅ ልጆቿ ትሰጣለች፤ የሚጎዘጉዙት እነርሱ ናቸው። አንዱ ዘንድ ይከመራል፣ ሌላው ዘንድ ይሳሳል፤ አታስተካክለውም። አደይ አበባውንም ከሜዳ ለቅመው የሚያመጡት ልጆቹ ናቸው፤ ግማሹ ግንዱ የተቀነጠሰ፣ ግማሹ ከነሥሩ የተነቀለ ነው። መደቡ ላይ የተነጠፈው የመንዝ ባና ጠላ ቢፈስበትም የሚቆጣ የለም። እሳቱ አጠገብ ግን አንድም ልጅ አልተጠጋም። ያን ቀን «አትንካ» ስትል የሰማኋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እርሱንም ያለችው ድምፅዋን ሳታነሣ ነበር።

«የአክስትህ ወለል አፈር ነው፤ የእኛ ሴራሚክ፣ አከራያችንም ቁጡ ናቸው» የሚሉኝ ጓደኞች አሉኝ። እውነት ነው። ዳሩ ግን እርሷ ያደረገችው የአፈር ወለል የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ የሚጎዳውን ወደ ላይ ሰቅላ የማይጎዳውን ወደ ታች አወረደች፤ ልጆቹንም ሥራ ሰጠች። ከጀርመን ተነሥቶ በ19ኛው መቶ ዘመን ወደ ብዙ አገር የተዛመተውን የገና ዛፍም የምጠላ አይደለሁም፤ ልጆች ይወዱታል። ነገር ግን ብልጭ ድርግም የሚሉት መብራቶች ሽቦ ልጅ በሚድህበት ወለል ላይ ተጋድሞ ሳይ ልቤ አያርፍም።

ለገና እኅቴ ዘንድ ስመለስ በረኪናው ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ወጥቷል። የከሰሉ ምድጃ በረንዳ ላይ ነበር። ከግድግዳው በታች፣ ከጕልበት በማያልፍ ከፍታ፣ ትልቁ ልጅ በከለር የሣላቸው ወረቀቶች ተለጥፈዋል፤ ከነዚያ አንዱ ስድስት እግር ያለው በግ ነው። ከቢሮዋ የመጡ አንድ ሽማግሌ እንግዳ ጐንበስ ብለው እግሮቹን ከልጁ ጋር ሲቈጥሩ ቡናቸው ቀዘቀዘ።